የሰው ያለህ!

ሰውየው የወደቀው ከሰዓት በኋላ ነው፤ እግረኛ በሚተራመስበት ሰፊ መንገድ ላይ። ሲወድቅ አላየሁትም። ያየሁት ከወደቀ በኋላ ነው። በጎኑ ተኝቷል። ጉንጩ መሬቱ ላይ ተለጥፏል። የአንድ እግሩ ጫማ ወልቆ ሁለት እርምጃ ያህል ርቆ ተገልብጧል። ካልሲው ተረከዙ ላይ ተቀዷል፤ በቀዳዳው የሚታየው ተረከዝ ተሰነጣጥቋል። ይህን ሁሉ ልብ ብዬ ለማየት ጊዜ ነበረኝ።

ቆሜ ነበራ።

አንድ ደቂቃ ልቁም፣ ሁለት ደቂቃ፣ አልቆጠርኩም። በውስጤ ይመላለስ የነበረው ግን አሁንም ድረስ ትዝ ይለኛል። ጠጥቶ ይሆን? ደክሞት ጋደም ብሎ ይሆን? አብሮት የመጣ ሰው የለም? ብነካውና «ኪሱን ሊበረብር ነው» ቢሉኝስ? ብነካውና እጄ ላይ ቢሞትስ? ሰዉ ደግሞ ያልፋል። ሰውየው ጋ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል፣ ካለፈው በኋላ መልሶ ይገጥማል። አንዳንዱ ቀስ ይላል። ሰውየውን ያያል። ቀና ብሎ እኔን ያያል። ከዚያ መንገዱን ይቀጥላል።

ዛሬ ሳስበው የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። እኔን አይተው ነው የሄዱት። ቆሞ የሚያይ ሰው አለ፤ ቆሞ የሚያየው ሰው ደግሞ አልደነገጠም፤ እንግዲያው የሚያስደነግጥ ነገር የለም ማለት ነው። እኔም በበኩሌ እነሱን እያየሁ ይህንኑ አስብ ነበር። እርስ በርሳችን እየተያየን ሰውየውን ብቻውን ተውነው።

ከዚያ አንዲት ወጣት መጣች። በሁለት እጇ ከባድ ከባድ ፌስታል ይዛለች። አላመነታችም። ፌስታሎቹን መሬት ላይ ጣል አደረገቻቸውና ተንበርክካ የሰውየውን ትከሻ ነካ ነካ አደረገች። «አባት፣ ይሰሙኛል? አባት!» መልስ የለም። ጆሮዋን ወደ አፉ አስጠጋች። ቀና አለችና ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች።

«ወንድሜ፣ ባለ ሰማያዊው ሹራብ! አንተን ነው። አምቡላንስ ጥራ!»

እጄ ወዲያው ኪሴ ውስጥ ገባ። የወሰንኩት እኔ አልመሰለኝም። እዚያ መንገድ ላይ ሰማያዊ ሹራብ የለበስኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። መደበቂያ አጣሁ።

ከዚያ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ አሥራ ምናምን ሰው ከበበን። አንዱ ጃኬቱን አውልቆ አጥፎ ከራሱ ሥር አደረገለት። አንዲት ሴትዮ ጃንጥላዋን ዘርግታ ፀሐይ ከለለችለት፤ እስከ መጨረሻው ድረስ ክንዷን አላጠፈችም። ሁለት ጎረምሶች መንገዱ መሃል ገብተው አምቡላንሱ የሚያልፍበትን ማስለቀቅ ጀመሩ። ማንም አላዘዛቸውም። ቅድም አይቶ ካለፈው ሰው አንዱ ተመልሶ መጣ። ፊቱን አስታወስኩት። የሚሠራ ነገር አልተረፈለትም። ዞር ዞር ብሎ አየና ሄዶ ጫማውን አነሳ። አቧራውን በእጁ ጠረግ ጠረግ አድርጎ ከሰውየው እግር አጠገብ ቀና አድርጎ አስቀመጠው።

አምቡላንሱ ሲወስደው ሰውየው ዓይኑን ገልጦ ነበር።

ማታ ለአንድ ጓደኛዬ አወራሁት። ወዲያው ፈረደ። «እዚህ የሰው ልብ ደንድኗል። ወደ ደቡብ ብትወርድ እኮ እንዲህ ያለ ነገር አታይም። እዚያ መጀመሪያ ያነሱሃል፤ ማን እንደሆንክ የሚጠይቁህ ከዚያ በኋላ ነው።» እንዲህ ያለ ንግግር ያልሰማ የለም። የሰሜኑ ሰው ቀዝቃዛ፣ የደቡቡ ሞቅ ያለ። ከተሜው ራስ ወዳድ፣ ገጠሬው ደግ። የጠረፉ ሰው እንግዳ ወዳድ፣ የተራራው ተጠራጣሪ። የትም አገር ብትሄዱ ሰው የራሱን ካርታ እንዲህ ከፋፍሎ ይዞታል። እኔም ስል ኖሬያለሁ። ያን ቀን ግን አልዋጥልህ አለኝ። ልባቸው ደንድኗል የተባሉት ሰዎች ናቸው እኮ ጃንጥላ የዘረጉት። ልብ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ አይለወጥም። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። ምን እንደሆነ ማወቅ ፈለግሁና ማንበብ ጀመርኩ።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሮበርት ለቪን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ይህንን የካርታ ወሬ በቁጥር ሊፈትነው ተነስቶ ነበር። ከባልደረቦቹ ጋር መጀመሪያ 36 የአሜሪካ ከተሞችን፣ ቀጥሎ ደግሞ በ23 አገሮች ያሉ ትልልቅ ከተሞችን መረመሩ። ፈተናው ቀላል ነው። አንድ ሰው እየሄደ ሳያውቅ እስክሪብቶ የጣለ ይመስላል። ሌላ ቀን እግሩን የታመመ መስሎ ሲያነክስ የያዘው መጽሔት ይበተንበታል። ደግሞ ዓይነ ስውር ሆኖ መንገድ ዳር ላይ የሚያሻግረው ይጠብቃል። ከዚያ ስንት ሰው እንደረዳ ይቆጠራል።

የ23ቱ ከተሞች ውጤት በ2001 ወጣ። ጓደኛዬ ቢያየው ደስ ይለው ነበር። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። በሪዮ ዴ ጄኔሮ ከመቶው 93 ጊዜ የሚረዳ ተገኝቷል። የኮስታሪካዋ ሳን ሆዜ 91፣ የማላዊዋ ሊሎንግዌ 86። ታች ስትወርዱ ኒውዮርክ 45፣ መጨረሻ ላይ ኩዋላ ላምፑር 40። የሀብታም አገር ከተሞች በአማካይ ያነሰ ረድተዋል፤ ሁሉም ግን አይደሉም፤ ቪየና ሀብታም ሆና 81 አላት። የላቲን አሜሪካ ሰዎች «ሲምፓቲያ» የሚሉት ነገር አለ፤ ለሰው ፊት ማብራት፣ ቅን መሆን፣ አብሮ ሲሆኑ ደስ ማሰኘት። ይህ እንደ ትልቅ ነገር በሚታይበት አካባቢ ያሉ ከተሞች በአማካይ ከሌሎቹ በልጠዋል። በአሜሪካዎቹ ከተሞች ደግሞ ከምንም በላይ የወሰነው ጥግግት ነው። ሰው በተጨናነቀበት ረጂ ያንሳል።

ሳነበው ደስም አለኝ፣ ቅርም አለኝ። ቁጥሩን አምነዋለሁ። ግን እስክሪብቶ ነው። እስክሪብቶ ወድቆ ማንም አልሞተም። ማንሳት ጨዋነት ነው፤ ጨዋነት ደግሞ ከቦታ ቦታ እንደ ሰላምታ ይለያያል። እኔ የምጠይቀው ጉንጩ መሬት ላይ ስለተለጠፈው ሰውዬ ነው።

ስለ አደጋ ካነሳን አንድ ቦታ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ኒውፋውንድላንድ ላይ፤ ዛሬ የካናዳ አካል የሆነችው ያቺ ቀዝቃዛ ደሴት።

ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1942። ጦርነት ነው። ትራክስተንና ፖለክስ የሚባሉ ሁለት የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከቦች በሌሊት፣ በማዕበልና በበረዶ ውስጥ፣ ከደሴቲቱ ደቡባዊ ጠረፍ ጋር ተላተሙ። ፊት ለፊታቸው ቀጥ ያለ ገደል ነው። ከሥሩ ባሕሩ ይናወጣል። ከተሰባበሩት መርከቦች የፈሰሰው ጥቁር ነዳጅ ውሃውን እንደ ጭቃ አወፍሮታል። 203 ሰዎች አለቁ። 186 ተረፉ። ከተረፉት ብዙዎቹ በሕይወት የቆዩት ሴንት ሎውረንስና ሎውን በሚባሉ ሁለት ትናንሽ መንደሮች ሰዎች እጅ ነው። ማዕድን ቆፋሪዎችና ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። መርከቧ የማን እንደሆነች፣ ከየት እንደመጣች አልጠየቁም። ገመድ ይዘው ወጡ። ገደሉ አፋፍ ላይ በበረዶ ቆመው አንድ በአንድ ጎተቷቸው።

ሴቶቹ ደግሞ ሙቅ ውሃ ይዘው ይጠብቁ ነበር። የወጣው ሁሉ ከራሱ እስከ እግሩ ነዳጅ ለብሷል፤ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። ልብሳቸውን አውልቀው አጠቧቸው። ከሚታጠቡት አንዱ ላኒየር ፊሊፕስ የሚባል የ18 ዓመት ልጅ ነው። የጆርጂያ ተወላጅ ነው። ከትራክስተን ከተረፉት ውስጥ ጥቁሩ እሱ ብቻ ነበር። የምታጥበው ሴትዮ ታሸዋለች፣ ታሸዋለች፤ አልለቅ አላት። ነዳጁ ቆዳው ውስጥ የገባ መስሏት ነው። ልጁ ያኔ ነቃና ነዳጅ ሳይሆን የቆዳው መልክ እንደሆነ ነገራት።

እሱ ባደገበት አገር አንድ ጥቁር ወንድ ራቁቱን በነጭ ሴት እጅ ሲታይ መጨረሻው ሞት ነበር። ነጮች ባሉበት ከባሕር መውጣቱ ራሱ አስፈርቶታል። ሴትዮዋ ግን ማጠቧን ቀጠለች። ከዚያ ቤቷ ወሰደችው። በማንኪያ አጎረሰችው፣ አልጋ ላይ አስተኛችው፣ ብርድ ልብስ ደረበችለት። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ2012 እስኪሞት ድረስ ይህቺን ቀን ሲያወራ ኖረ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው የታየው ያን ቀን መሆኑን ይናገር ነበር። በኋላ በአሜሪካ ባሕር ኃይል የመጀመሪያው ጥቁር የሶናር (ከውሃ በታች ያለን ነገር በድምፅ የሚፈልግ መሣሪያ) ቴክኒሻን ሆነ፤ ለጥቁሮች መብትም ሰልፍ ወጣ።

ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት እንጃ። እያንዳንዱ ጊዜ ሆዴን ያባባኛል። ግን «ደጋግ ሰዎች ነበሩ» ብሎ ማለፍ አይበቃኝም። ደጋግ ነበሩ፣ እውነት ነው። ከዚያ በላይ ግን የባሕር ሰዎች ነበሩ። በእያንዳንዱ ቤት ባሕር ላይ የሚውል አባት ወይም ወንድም ወይም ልጅ አለ። ባሕር የጣለው ሰው የማን ነው ተብሎ አይጠየቅም፤ ያየው ሰው ኃላፊነት ነው። ነግ በኔ ነው። ገመዱ በየቤቱ አለ። ገደሉን በጨለማ ያውቁታል። «ልሂድ አልሂድ» የሚለው ጥያቄ ከነሱ በፊት በነበሩት አባቶች ዘመን ተዘግቶ አልቋል። ዛሬ የመርከብ አዛዥ ሁሉ ባሕር ላይ በአደጋ ላለ ሰው መድረስ እንዳለበት በ1982ቱ የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ላይ ተጽፏል። ልማዱ ግን ከወረቀቱ በብዙ መቶ ዓመት ይቀድማል።

አልባኒያ ውስጥም እንዲህ ዓይነት ነገር አለ። «ቤሳ» ይሉታል፤ የተሰጠ ቃል፣ የማይታጠፍ ቃል ኪዳን ማለት ነው። ደጅህን አንኳኩቶ የገባ እንግዳ በቃልህ ሥር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ናዚዎች አይሁዶችን ሲያሳድዱ፣ አብዛኛው ሕዝቧ ያኔ ሙስሊም በነበረባት አልባኒያ ውስጥ ገበሬውም ባለሱቁም ቤቱ ደብቋቸዋል። ጦርነቱ ሲያልቅ በአገሪቱ የነበሩት አይሁዶች ከጦርነቱ በፊት ከነበሩት ይበዙ ነበር። እዚያም ጥያቄው ቀድሞ ተዘግቷል። በሩ ሲንኳኳ የሚመከርበት ነገር የለም።

እዚህ ላይ ወደ ከተማ ልመለስ።

ስለ ዝም ብሎ ማየት ሲነሳ ሁልጊዜ የምትጠራው ኪቲ ጄኖቪዝ ናት። በ1964 ኒውዮርክ ውስጥ በሌሊት በስለት ተወግታ ተገደለች። ኒውዮርክ ታይምስ 38 ጎረቤቶች እያዩ ዝም አሉ ብሎ ጻፈ። ወሬው ዓለምን ዞረ። ትልቅ ከተማ ሰውን አውሬ እንደሚያደርግ ማስረጃ ሆነ። ከብዙ ዓመት በኋላ መዝገቡን ያገላበጡ ሰዎች ግን 38 ሰው ቆሞ አየ የሚለው እውነት እንዳልሆነ ደርሰውበታል። አብዛኞቹ የሰሙት ጩኸት ነው፤ ምን እንደሆነ አላዩም። አንዱ በመስኮት ጮሆበት ገዳዩ ለጊዜው ሸሽቷል። አንዲት ጎረቤቷ ደግሞ ገዳዩ ይሂድ ይኑር ሳታውቅ በዚያ ሌሊት ደረጃውን ወርዳ ሄዳ ኪቲን አቅፋ ቆየች። በዚያ ዝነኛ ጽሑፍ ውስጥ ግን ያቺ ሴት የለችም። ይህ ያሳዝነኛል። አንድ ትውልድ ሙሉ ስለሌሉት 38 ሰዎች ተማረ፤ ስለነበረችው አንዲት ሴት ሳይሰማ።

ከዚያ ወሬ የተነሳ ጆን ዳርሊና ቢብ ላታኔ የሚባሉ ሁለት ምሁራን በ1968 አንድ ሙከራ አሳተሙ። ተማሪዎች ለየብቻ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው በድምፅ ማስተላለፊያ ይነጋገራሉ። በመሃል አንደኛው የሚጥል በሽታው እንደተነሳበት ሆኖ ይንተባተባል፣ እርዱኝ ይላል። የሚሰማው እኔ ብቻ ነኝ ብለው ካመኑት ውስጥ ድምፁ ሳይቋረጥ በፊት 85 በመቶዎቹ ለእርዳታ ተነሱ። ሌሎች አራት ሰዎችም ይሰማሉ ብለው ካመኑት ግን 31 በመቶዎቹ ብቻ። ቁጥሩ በየቦታው ይጠቀሳል። እኔ የምይዘው ግን ከቁጥሩ ጎን የተጻፈውን ነው። ያልተነሱት ልጆች ግድ የሌላቸው አልነበሩም። ብዙዎቹ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። መዳፋቸው አልቦት ነበር።

እኔም ያን ቀን መዳፌ አልቦት ነበር።

ሌላው ሙከራ በ1973 የወጣ ነው። የሥነ መለኮት ተማሪዎች ንግግር ሊያደርጉ ወደ ሌላ ሕንፃ ሲሄዱ መንገድ ላይ የተጎሳቆለ ሰው ተጥሎ ያገኛሉ። ጊዜ ከነበራቸው 63 በመቶዎቹ ረዱት። «ረፍዶብሃል፣ ፍጠን» ከተባሉት ግን አሥር በመቶዎቹ ብቻ። ከፊሎቹ ይሄዱ የነበረው ስለ ደጉ ሳምራዊ ሊናገሩ ነው። ትልቅ ከተማ ሰውን ሁሉ የረፈደበት የሚያደርግ ቦታ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ሐሳቤን የቀየረው ጥናት የደረሰኝ። በ2019 የወጣ ነው። ተመራማሪዎቹ ማንንም አላታለሉም፤ የመንገድ ካሜራ ቀረጻ ነው ያዩት። ከአምስተርዳም፣ ከእንግሊዟ ላንካስተርና ከኬፕ ታውን የተወሰዱ 219 እውነተኛ የመንገድ ጠቦች። ሰው ሲገፋተር፣ ሲደባደብ። ከአሥር ዘጠኝ ጊዜ፣ በትክክል 91 በመቶ፣ ቢያንስ አንድ ተመልካች ጣልቃ ገብቷል። መሃል ገብቶ ገላግሏል፣ የተቆጣውን ይዞ ወደ ኋላ ስቧል፣ የተመታውን አጽናንቷል። ተመልካች በበዛ ቁጥር የሚገላግል የመገኘቱ ዕድል ይጨምራል። በሦስቱ አገሮች መካከል ደግሞ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ኬፕ ታውን ወንጀል የሚበዛባት ከተማ ናት። ጣልቃ መግባት እዚያ ያስፈራል። ቢሆንም ሰው ገብቷል።

ሁለቱን ጥናቶች ጎን ለጎን አድርጌ ብዙ ቀን አሰብኩባቸው። እስክሪብቶ ሲወድቅ ከተማ ከከተማ እንደዚያ ይራራቃል። ቡጢ ሲሰነዘር ሦስት የማይገናኙ ከተሞች አንድ ሆኑ። የጓደኛዬ ካርታ ልክ የሚሆነው ለትንንሹ ነገር ነው። አደጋው ፊት ለፊት ሲታይ ሰው ሰው ነው፤ ሮጦ ይገባል። ቡጢ ምን እንደሆነ ማንም አይጠራጠርም። የወደቀ ሰው ግን ያጠራጥራል። ሰክሮ ነው? ተኝቶ ነው? ሞቶ ነው? አገር ከአገር፣ ሰፈር ከሰፈር የሚለየው እንግዲህ እዚህ ጋ ይመስለኛል። ከማየት እስከ ማወቅ ባለችው በዚያች አንድ ደቂቃ ውስጥ። ደቂቃዋን የሚሞላት ሰዉ ስለ ረጂ ሰው ሲያወራ የሰማነው ወሬ ነው። ሲወራ የኖረው «ደረሰለት፣ አዳነው» ከሆነ እግር ይነሳል። «ረዳሁ ብሎ ጣጣ ገባ» ከሆነ ደግሞ እግር ይታሰራል።

ቻይና ይህንን በግልጽ አሳይታለች። በ2006 ናንጂንግ ከተማ ውስጥ አንዲት አሮጊት አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ወደቁ። አንድ ወጣት አንስቶ ሐኪም ቤት ወሰዳቸው። እሳቸው የጣለኝ እሱ ነው ብለው ከሰሱት። ፍርድ ቤቱ በ2007 ገንዘብ እንዲከፍል ወሰነበት፤ ካልጣላቸው ለምን ረዳቸው የሚል አንድምታ ያለው ሐተታ ጽፎ። በኋላ ወጣቱ ራሱ ከሴትዮዋ ጋር መጋጨቱን ማመኑ ተዘግቧል። ያ ግን ዘግይቶ የመጣ ነው። ሕዝቡ ጆሮ የደረሰው የመጀመሪያው ወሬ ነው፤ የወደቀ ሰው አታንሳ፣ ዕዳ ታነሳለህ።

በ2011 ፎሻን ከተማ ውስጥ የሁለት ዓመት ሕፃን በመኪና ተገጨች። 18 ሰዎች አጠገቧ አለፉ። ካሜራው ሁሉንም ቀርጿል። በመጨረሻ ያነሳቻት ቆሻሻ ለቅማ የምትተዳደር ሴት ነበረች። ሕፃኗ ከቀናት በኋላ ሞተች። ቀረጻውን ያየ ሁሉ ስለ ቻይና ሕዝብ ልብ መፍረድ ያዘ። እኔም አንዱ ነበርኩ። አሁን ያን ፍርዴን መልሼ እውጠዋለሁ። ከ18ቱ አንዱ ብሆን ኖሮስ? ሰማያዊ ሹራቤን ለብሼ?

አገሪቱ በኋላ ሕጓን አስተካከለች። ከ2017 ጀምሮ በአደጋ ላይ ያለን ሰው በፈቃዱ የረዳ፣ በእርዳታው ምክንያት ለሚደርስ ጉዳት እንደማይጠየቅ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሰፍሯል። ፈረንሳይ በሌላ በኩል ሄዳለች። እዚያ ራስህን አደጋ ላይ ሳትጥል መርዳት እየቻልክ አደጋ ላይ ያለን ሰው ትተህ ከሄድክ እስከ አምስት ዓመት እስርና 75,000 ዩሮ ቅጣት ሊያስከትልብህ ይችላል። አንዱ የረጂውን ፍርሃት ያነሳለታል። ሌላው ትቶ የሚሄደውን ያስፈራዋል። ከሁለቱ ምረጥ ብባል የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ያን ቀን ያሰረኝ ፍርሃት ነበርና በላዩ ሌላ ፍርሃት ቢጨመርብኝ የምፈጥን አይመስለኝም።

ሕግ ግን የመንገዱን ደቂቃ አይደርስበትም። እዚያ የሚደርሰው ድምፅ ነው።

አማርኛ ለጭንቅ ጊዜ ያለውን ጩኸት አስቡት። «ኡኡ! የሰው ያለህ!» «ያገር ያለህ!» ድሮ ጀምሮ ይገርመኛል። የሚጮኸው ሰው ስም አይጠራም። ወንድሜ፣ ጎረቤቴ አይልም። የሚጠራው ሰውን ነው፤ አገርን ነው። ሰው የሆነ ሁሉ ተጠርቷል ማለት ነው። ሰው በሚተዋወቅበት ቦታ ይህ ጩኸት ምን ያህል ኃይል እንዳለው ይገባኛል። እዚያ «አገር» ሲባል ሁሉም ስሙ የተጠራ ያህል ነው የሚሰማው። ያቺ የኒውፋውንድላንድ መንደር ብትጠራ እንደዚያ ነው የምትሰማው። በተጨናነቀ መንገድ ላይ ግን «ሰው» ብዙ ነው። ሁሉም የተጠራው ከጎኑ ያለው ይመስለዋል። ያቺ ባለ ፌስታሏ ልጅ የሰበረችው ይህን ነው። የሰው ያለህ ከማለት ባለ ሰማያዊው ሹራብ አለች። ከብዙው ሰው ውስጥ አንዱን መዛ አወጣችና አገር አደረገችው።

የመጀመሪያ እርዳታ የሚያስተምሩ ሰዎችም ይህንኑ ይላሉ። «አንድ ሰው አምቡላንስ ይጥራ» አትበሉ፤ ዓይኑን እያያችሁ፣ በልብሱ ለይታችሁ፣ «አንተ ጥራ» በሉት። ብትወድቁና መናገር ብትችሉ እንኳን አንዱን ለዩ። ትንሽ ነገር ናት። ሕይወት ታድናለች። ልጆቻችንን ስልክ ቁጥራችንን እንደምናስጠናቸው ይህንንም ብናስጠናቸው ደስ ይለኛል።

ሌላው ከዚያ ቀን ያመጣሁት ነገር መጠየቅ ነው። ሰው መሬት ላይ ካየሁ እጠይቃለሁ። «ደህና ነህ?» ማለት አያስከስስም፣ አያስመሰክርም። ደቂቃዋን ትዘጋታለች። ደግሞ ጠጋ ብዬ ስጠይቅ ከኋላዬ የሚመጣው ቀስ ሲል አየዋለሁ። ያኔ ቆሜ ሳይ እኔን አይቶ ይሄድ ነበር። አሁን ጎንበስ ስል እኔን አይቶ ይቆማል። ያው ዓይን ነው።

ባለፈው ወር፣ ምሽት ላይ፣ ዝናብ አባርቶ፣ አንድ ሰው የመንገዱ ጠርዝ ላይ በአራቱ ተደፍቶ አየሁ። ግንባሩ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም። ትንፋሹ ይሰማል። ልቤ ዘለለ። ሮጬ ሄድኩና ትከሻውን ያዝኩት።

«ወንድሜ፣ ምን ሆነሃል? አሞሃል?»

ቀና ብሎ አየኝ። ጉልበቱ ርሷል።

«ኧረ ደህና ነኝ» አለ። «ቁልፌ ወድቆብኝ ነው።»

አጠገቡ ተንበረከክሁና ስልኬን አበራሁ። አንዲት ሴትዮ ቆም አሉ። «ምንድን ነው? የወደቀ ሰው አለ?» ቁልፍ ነው ስንላቸው እሳቸውም የእጅ ስልካቸውን መብራት አብርተው ወደ ፍሳሹ ቀዳዳ አጎነበሱ። ከዚያ አንድ ልጅ መጣ። አራት ሆነን ውሃ ያቆረውን ጠርዝ ስንዳብስ ቆየን። ቁልፉን ያገኘው ልጁ ነው።